በጉተማ የተላከው ሽሮ

ጅቡቲ፣ መስከረም 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእትዬ አሰጋሽ፣

አዲሱ ዓመት ጤናና ሰላም የምታገኙበት ያድርግላችሁ እያልኩ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረሳችሁ። እማማ ብዙወርቅ እንደምን ናት? ጉልበቷን ክረምቱ እንዴት አደረገው? እኔ ከሙቀቱ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ረፋዱ ላይ ሸሚዝ ለብሶ ወደብ መቆም ቅጣት ነው። እንደ እኔ ዕቃ ከወደብ የሚያስወጣ ትራንዚተር ደግሞ ሸሚዝ ካልለበሰ ኮንቴይነሩን ማንም አይለቅለትም።

የጻፍኩልሽ ስለ ሠርጉ ነው። አቶ ያደታ ሽማግሌዎቻችንን ሦስት ጊዜ ገላን ድረስ ካመላለሱ በኋላ ልጃቸውን ቢፍቱን ሊሰጡኝ መፍቀዳቸውን እማማ አስጽፋ ልካልኛለች። አንቺም እልል ብለሻል አሉ። እልልታሽን ስለማውቀው፣ ከክር ፋብሪካው ፈረቃ ያለቀ መስሎት የወጣ ሠራተኛ እንደነበረ አልጠራጠርም። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ቄሱ ግን የሁለታችንንም የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት ካላየሁ አላጋባም ብለዋል። ደግ አደረጉ። የእኔን እዚሁ አሠራለሁ፣ አታስቢ።

አንቺ ደሞ ሦስት ሳምንት ሠልጥነሽ በጤና ጣቢያው የኤች አይ ቪ ምክር አገልግሎት ባለሙያ ተባልሽ አሉ። ያኔ በኩርኩም ስትመክሪኝ የነበርሽው ሳይቆጠር መሆኑ ነው። እዚህ ሰው "የአክስቴ ልጅ ናት" ስለው ሩቅ ዘመድ ትመስይዋለሽ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አንቺና እማማ እንዳሳደጋችሁኝ ማን ይንገረው?

በዚያው ላንቺ የሚሆን ሥራ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ። ሳል ከያዘው ሁለት ወር አለፈው፤ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይታዘዛል? የዚህ አገር ሐኪሞች የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ስለሆነ አይግባቡም። ሲመችሽ ጻፊልኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ፍቅሩ


አቃቂ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፍቅሩ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ሲያባራ የእማማ ጉልበት ተሽሎታል። ምላሷ ግን ክረምትም በጋም አያውቅም፣ እንደተሳለ ነው።

ስለ ሥራዬ ባትጠይቀኝ ይሻል ነበር። ክፍሌ ከመርፌ ክፍሉ የሚለየው በቺፑድ ነው። እኔ በዚህ በኩል ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እዚህ የምትነግሩኝ ከዚህ አይወጣም" ስል፣ በዚያ በኩል የተወጋ ሕፃን ጣሪያው እስኪነሣ ይጮኻል። ስም አንጠይቅም፤ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይዞ ገብቶ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ሰው ግን ይፈራል። በተለይ ወንዶቹ! እኔ ጋ የሚመጣ ወንድ ሁሉ የሚመጣው ለጓደኛው ነው። "ጓደኛዬ እንዲህ ሆኖ፣ ጓደኛዬ እንዲያ ብሎት" ይለኛል። ለራሱ የመጣ ወንድ እስካሁን ሦስት ብቆጥር ነው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። "ራሷን በባለጉዳዩ ቦታ አድርጋ ታዳምጣለች ወይ?" የሚል ጥያቄ አለው፤ የሚታረመው ከአምስት ነው። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ሁለት ሰጠኝ። ለምን ብለው "'ስሜትዎ ይገባኛል' አላልሽም" አለኝ። ፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ እያለቀሰች ነበር፤ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ መሀረብ እየፈለግሁ ነበር። መሀረብ መፈለግ ቅጹ ላይ የለም። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እላለሁ። ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ባለፈው እማማ ወጥ አረረብኝ ስትል "ስሜትሽ ይገባኛል" ብያት በማማሰያው ልትለኝ ነበር። አሁን አምስት ከአምስት ነኝ።

የጓደኛህ ስሜት ይገባኛል። ሳል እንዲህ ከቆየ ሳንባውን ይታይ፣ ደሙንም ይመርመር። ቋንቋ ካስቸገረው አንተ አስተርጉምለት። ሰው እዚህም እስኪወድቅ ነው የሚጠብቀው፣ ቶሎ ይሂድ በለው።

ለሠርጉ የሚሆን ጫማ እንዳትረሳ፣ ቁጥሬ 38 ነው።

እህትህ አሰጋሽ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰጋሽ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እማማስ? የእኔ ሐሳብ ብቻ ነው እንጂ ጤናዬ ምንም አይል።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ከዚህ ጭኖ የሚመላለሰው ሹፌሩ ጉተማ ባለፈው ቃሊቲ ጉምሩክ ተራ ሲጠብቅ የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ወደናንተ ጤና ጣቢያ ብቅ ብሎ ነበር። ቢፍቱ ካንቺ ክፍል ስትወጣ አይቷታል። ተመርምራለች ማለት ነው። እሷ ግን በጻፈችልኝ ደብዳቤ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አላነሣችም። ስለ ጋቢ ጻፈች፣ ስለ እናቷ ጥርስ ጻፈች፣ ስለ ፋብሪካው አዲስ ኃላፊ ጻፈች። ይህን ለምን ዘለለችው?

ውጤቷን ንገሪኝ። ላንቺ ባዳ አይደለሁም፤ በጀርባሽ ያዘልሽኝ ልጅ ነኝ። አብሬያት የምኖረው እኔ ነኝ። ለማንም ትንፍሽ አልልም። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

በጽሑፍ ካስፈራሽ ደግሞ መላ ዘይጃለሁ። ጉተማ ኅዳር 25 ገደማ ቃሊቲ አራግፎ እማማን ሳይሰናበት አይመለስም። ቢፍቱ ደህና ከሆነች በእሱ በርበሬ ላኪልኝ። ካልሆነች ሽሮ ላኪልኝ። ማንም አይጠረጥርም፤ አንቺም አልተናገርሽ፣ አልጻፍሽ። አንድ ፌስታል ብቻ ነው የምለምንሽ፣ እትዬ።

ጓደኛዬ ገና አልሄደም። ፈራ መሰለኝ። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እናንተ ጋ በነጻ ሊሰጥ ነው የሚባለው እውነት ነው? ከውጭ አገር ለሚገባ ሰውም ይሰጣሉ?

ወንድምሽ ፍቅሩ


አቃቂ፣ ኅዳር 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፍቅሩ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጉተማ ትናንት ቤት ሲመጣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሳላገኘው ሄዷል። ስለዚህ ይህን በፖስታ ልኬዋለሁ፤ መቼ እንደሚደርስህ እንጃ።

ስሜትህ ይገባኛል። በጋብቻ ዋዜማ ላይ ያለ ሰው እንዲህ መጨነቁ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ከዚያ ክፍል የሚወጣ ወሬ የለኝም። ቢፍቱ ገብታ ከሆነ ገብታለች፤ ካልገባች አልገባችም። ለአንተም፣ ለእማማም፣ ለአቶ ያደታም መልሴ ይኸው ነው። በርበሬም ሽሮም አልልክም። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብህ ራሱ አናዶኛል። እኔ ላንተ በፌስታል ብናገር ነገ ለሌላው በሰሐን እናገራለሁ።

እጮኛህ ናት አይደል? ጻፍላትና ጠይቃት። በሥልጠናው እንደተማርነው ግልጽ ውይይት ለመልካም ግንኙነት መሠረት ነው።

ስለ መድኃኒቱ በነጻ ሊጀመር ነው ይላሉ፤ ዝርዝሩ ገና አልደረሰንም። ጓደኛህን ግን አትለማመጠው፣ ይዘኸው ሂድ።

አሰጋሽ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ለእናቴም ለእህቴም ለእትዬ አሰጋሽ፣

ደብዳቤሽ ባይደርሰኝም ሽሮው ደረሰኝ! እግዜር ይስጥልኝ። ውለታሽን በምን እመልሰዋለሁ? ፌስታሉን ከጉተማ እጅ ተቀብዬ እዚያው ፈታሁት። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ሽሮ ነው። ጉተማ ፊት እንባዬ ወረደና "ናፍቆት ነው" አልኩት። ያን ቀን ራሴ ሠርቼ ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግቤ በላሁ።

አልተዋትም፣ እትዬ። ሰው ይተዋታል ብለሽ ሠግተሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ቢፍቱን አልተዋትም። ቄሱም ወረቀታቸውም ይቅርብን፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን። ዳግማይ ትንሣኤንም አልጠብቅም፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን። ለራሷም ዛሬ ጽፌላታለሁ። "ሁሉን አውቄያለሁ፣ ከእኔ የምትደብቂው ነገር የለም፣ አትፍሪ" ብያታለሁ። ካንቺ መስማቴን አልነገርኳትም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም።

ስለ ጓደኛዬም ከእንግዲህ አታስቢ። ተሽሎታል።

ደስተኛው ወንድምሽ ፍቅሩ


አቃቂ፣ ጥር 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ፍቅሩ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይልኝ። ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም።

ቢፍቱ ከትናንት በስቲያ መጣች። ከፈረቃ እንደወጣች ነው፤ ጸጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት። እንደማንኛውም ሰው ቁጥር ወስዳ፣ አግዳሚው ላይ ተራዋን ጠብቃ ገባች። የላክህላትን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አነበብኩት።

"እዚህ የምትነግሩኝ ከዚህ አይወጣም ብለውኝ ነበር፣ እትዬ አሰጋሽ" አለችኝ።

ደንግጬ "ስሜትሽ ይገባኛል" አልኳት። ለምዶብኝ ነው የወጣው።

"አይገባዎትም። ቢገባዎት ኖሮ አይነግሩትም ነበር።"

"አልነገርኩትም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ያወቀው በምንድን ነው? በህልሙ?"

ምን ልበላት? ሽሮ? እሱኑ አልኳት። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ እምቢ ማለቴን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ ስዘረዝረው ለእኔም ውሸት መሰለኝ። ሰማችኝና "ሠርጉም ይቅር፣ ወረቀቱም ይቅር" ብላ ተነሣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ቺፑድ ነው ብዬህ አልነበር? ከእሷ በኋላ አራት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ብቅ ስል አግዳሚው ባዶ ነው። ቁጥሮቹን እንኳ መሬት ላይ ጥለዋቸው ነው የሄዱት።

ቤት ገብቼ እማማን "በጉተማ ምን ልከሽ ነበር?" አልኳት። "ሽሮ ነዋ! በጾም ምን ልላክለት፣ ዶሮ?" አለችኝ።

እንግዲህ በደንብ ስማኝ። ሽሮውን የላከችው እማማ ናት። በርበሬም ብትልክልህ የምትልከው እማማ ነበረች። ከዚህ ቃል ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ልታወጣ እንዳትሞክር፣ ምንም የለበትም። የቢፍቱን ነገር አንተ ያኔም አታውቅም፣ ዛሬም አታውቅም። ውሸት ነው ልልህ አልችልም፣ እውነት ነው ልልህም አልችልም። እንዲህ አሥረህ አስቀምጠኸኛል።

የምሰድብህን ስድብ ልመርጥ ብዬ ደብዳቤዎችህን ከመሳቢያ አወጣኋቸው። ከመስከረሙ ጀምሬ ተራ በተራ አነበብኳቸው። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሰው እጮኛው ታማለች ብሎ ሲያምን ጠግቦ ይበላል? ደስተኛው ወንድምሽ ብሎ ይፈርማል? ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሳሉ፣ ላቡ፣ በምስማር የተበሳው ቀበቶ። የሌላ ሰው ቀበቶ ስንት ቀዳዳ እንዳለው ማን ይቆጥራል? "የእኔን እዚሁ አሠራለሁ" ያልከው ወረቀት ከመስከረም ወዲህ አንድ ጊዜም አልተነሣም። እኔም አልጠየቅሁህም።

ለጓደኛው የማይመጣ ወንድ የለም ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ፣ ፍቅሩ። ጻፍኩት፣ ሳቅሁበት፣ እዚያው ወረቀት ላይ ጥቂት ዝቅ ብዬ ለጓደኛህ ምርመራ አዘዝኩ! በማላውቀው ሰው ፊት ላይ አይቼ የማውቀውን ነገር፣ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ሦስት ጊዜ ሲጽፍልኝ አላየሁም። አምስት ከአምስት ነኝ፤ እንዲህ ነው አምስት ከአምስት።

በአንተም ተናድጃለሁ፣ በራሴም። ንዴቱ ይቆየን። በመስከረም መጠየቅ የነበረብኝን አሁን ልጠይቅህ።

ጓደኛህ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል? ላብ ሲያጠምቀው የሚቀይረው አንሶላ አለው? ብቻውን ነው የሚኖረው? ከእሱ ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?

እህትህ አሰጋሽ


አቃቂ፣ የካቲት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፍቅሩ፣

ጉተማ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ "ደብዳቤ አልሰጠኝም" አለኝ። ፊትህን እንዴት እንዳየው ጠየቅሁት፤ "ከሳ" አለኝ።

በሳምንት ሠላሳ ሰው የሚገባበት ክፍል ባለፈው ሳምንት ሰባት ሰው ገባ። ቢፍቱ ከሩቅ ስታየኝ የባቡሩን ሐዲድ ተሻግራ በዚያ ማዶ ትሄዳለች። ተቆጣጣሪው ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ቅጽህን ሙላ አልኩት።

አልቆጣህም። ዝም አትበለኝ እንጂ። እስክትጽፍ ድረስ በየመኪናው እጽፍልሃለሁ።

በጉተማ ሽሮም በርበሬም አልላክሁም። ሁለት አንሶላ ልኬልሃለሁ።

አሰጋሽ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ አሰጋሽ፣

አንሶላዎቹ ደረሱኝ። አንዱ የእማማ መሆኑን በጥልፉ ለየሁት። ከደረሱኝ ጀምሮ ልጽፍልሽ እየተቀመጥኩ እነሣለሁ።

ጓደኛ የለኝም። እኔ ነኝ።

የተመረመርኩት ነሐሴ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ሳይላክ በፊት መሆኑ ነው። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ብዙ አወራኝ። ቃሉ አልገባኝም፤ ፊቱ ግን ገባኝ። ወጥቼ ለእማማ ሽማግሌ ይላክ ብዬ ጻፍኩላት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼ ይሆናል።

ሽሮው ሲደርሰኝ ለምን ደስ እንዳለኝ ጠይቀሽኛል። ቢፍቱ ታማለች ብዬ ነው ደስ ያለኝ። እንግዲያው ምንም መናገር አይጠበቅብኝም፣ ማንም ማንንም አይወቅስም ብዬ ነው። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሦስተኛው ይኸው። አንቺ እሱን ሳላየው ቀረሁ ብለሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ። እኔ ስለ እሷ ስጠይቅሽ ኖሬ እሷ እንዴት እንደምትሆን አንድ ቀን አላሰብኩም። ያሰብኩት ወረቀቷን ነው። ስለ ጋቢውና ስለ እናቷ ጥርስ ስትጽፍልኝ የዘለለችውን ፈለግሁ እንጂ የጻፈችውን አላነበብኩም።

ለቢፍቱ ሁሉን ጽፌላታለሁ። የሽሮውን ነገር፣ አንቺ እምቢ እንዳልሽኝ፣ የኔን በሽታ፣ ደስ ያለኝንም ሳይቀር። ይቅር በይኝም፣ ቆዪኝም አላልኳትም። ነጻ ነሽ ብያታለሁ። በተለየ ፖስታ የኅዳሩን ደብዳቤሽን ልኬላታለሁ፤ በርበሬም ሽሮም አልልክም ያልሽበትን። ከእኔ ቃል ያንቺ ንዴት ይታመናል።

ለአቶ ያደታ ግን በወረቀት አይሆንም። መጥቼ ፊታቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ሰፈሩ በልጃቸው ላይ የሚያወራውን በእኔ ላይ ያውራ። ጉተማ ለሚያዝያ መባቻ ይጭናል፤ ጋቢናው ውስጥ ያስተኛኛል። ለእማማ አሁን አትንገሪያት። እኔው እነግራታለሁ፤ አጠገቤ ሁኚ ብቻ።

የቢፍቱን ነገር ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። የኅዳሩ ደብዳቤሽ ዘግይቶ ከደረሰኝ ጀምሮ ስለደበቅሽኝ ስረግምሽ ነበር፤ እህቴ አይደለችም እስክል ድረስ። ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ያደፋፈረኝ አንድ ነገር ነው። የእሷን ለእኔ ያልነገርሽ፣ የእኔንም ለማንም አትነግሪም።

ስደርስ መጀመሪያ ቤት አልመጣም። ቁጥር ወስጄ አግዳሚያችሁ ላይ ተራዬን እጠብቃለሁ። ባዶ ነው ስላልሽ ቢያንስ አንድ ሰው ይቀመጥበት፤ አላፊ አግዳሚው የአሰጋሽ ወንድም እንኳ እሷ ጋ ነው የሚገባው ይበል። ስገባ ለጓደኛዬ ነው አልልም። አንቺም ስሜትህ ይገባኛል እንዳትዪኝ።

መሀረብ ብቻ አዘጋጂ።

ወንድምሽ ፍቅሩ